በማይክራፎን ያመለጠኝ ሳቅ

ሳቅን የሚያጠኑ ምሁራን አሉ ይባላል። ሰው ለምን እንደሚስቅ፣ ስንት ዓይነት ሳቅ እንዳለ፣ ለጤናም ምን እንደሚጠቅም ይጽፋሉ። ሰው የት መሳቅ እንደሌለበት ያጠና ግን፣ ቢያንስ ሰበታ ውስጥ፣ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ጥናቱንም ወድጄ አልጀመርኩትም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በሳቄ ነውና አስቀድሜ እሱን ላስተዋውቃችሁ። የእኔ ሳቅ እንደ ሰው ሳቅ አይነሳም። ባትሪዋ የደከመ ባጃጅ ጠዋት ስትነሳ ሰምታችሁ ከሆነ እሱን ሰማችሁት ማለት ነው። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ትስላለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች፤ ባለቤቱ ወርዶ ሊገፋት ሲል በአንድ ጊዜ ታጓራለች። ሰርግ ስንጠራ ሚስቴ ከእኔ ሦስት ወንበር ርቃ ትቀመጣለች። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ አዲስ የገቡ ተማሪዎች ከስሜ በፊት የሚያውቁት ሳቄን ነው። ወደ ሰሌዳው ስዞር ከኋላ ወንበር ሦስት ጊዜ የሚስል አይጠፋም። ፊቴን ስመልስ ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል። ሃያ ዓመት በዚህ ሁኔታ አስተምሬያለሁ፤ ማንንም ይዤ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ነበር። ያን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ። ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሌሎቹን በዙሪያው ያሉ ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ላይ የሚያቅድ ማስተር ፕላን የሚባል ነገር መጣ ተባለ፤ መሬታችን ሊሄድ ነው ብሎ ሰው ወጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ጥይት ተተኮሰ። ቡራዩ የሚኖረው ወንድሜ ሲደውልልኝ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነበር የምናወራው። "ሰማዩ እንዴት ነው?" ይለኛል። "ደመና አለ" እለዋለሁ። "እኛም ጋ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው" ይለኛል። ጥቅምት ላይ በጠራራ ፀሐይ ነው ይህ ሁሉ ደመና። ስልካችንን የሚያዳምጥ ሰው ቢኖር ኖሮ ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በቀጠረን ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ያመጣው ካርታ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ከተማ ካርታ በማስተማር ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ እስቲ ይሄን ፕላን ያስረዱን" ሲሉኝ መልሴ አንድ ነበር፦ "ፈተና ላይ አይወጣም።" ሃያ ዓመት ስለ ኮንቱር መስመርና ስለ ስኬል ሳወራ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ አንድ ቀን የእውነት ጥያቄ ሲመጣ እንዲህ ብዬ አለፍኩት። ፈሪ ነኝ። ከሳቄም በፊት ይሄን ነበር መናገር የነበረብኝ።

የፕላኑ ወሬ ገና ሲጀምር፣ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ ከዓመት በፊት፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ቶሌራ የሚባል ተማሪዬ ነበር። ካርታውን ስልኩ ላይ አጉልቶ አሳየኝና "ቲቸር፣ የእኛ ቤት የቱ ቀለም ውስጥ ነው የገባው?" አለኝ። የነገርኳችሁን መለስኩለት። አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ትምህርቱን ሲጨርስ ብየዳ ቤት ተቀጠረ። መንገዱ በተዘጋበት አንድ ቀን ከሥራ በእግሩ ሲመለስ ጥይት አገኘው። ማን እንደተኮሰ የሚያውቁት አልተናገሩም፤ የተናገሩትም የሚያውቁት አልነበሩም።

አባቱ ኦቦ ፈይሳ የእድራችን አባል ናቸው፤ እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። አስከሬኑ አዲስ አበባ ካለ ሆስፒታል ወጥቶ የደረሰን ዘግይቶ ነው። ለምን እንደዘገየ አልጠየቅኩም። በዚያ ሰሞን አለመጠየቅን ለምጄ ነበር። ቀብረን ተመለስን፣ ድንኳን ተተከለ፣ እኔም የአባላት መቆጣጠሪያ ደብተሬን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ለቅሶ ቤት ብዙ ተቀምጫለሁ። ወንዶቹ በአንድ ጥግ ዳማ ይጫወታሉ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኳስ ይወራል፣ ባለ ሐዘኑም በመሀል ሳያስበው ፈገግ ይላል። የቶሌራ ድንኳን እንደዚያ አልነበረም። ማን ለማን እንደሚያወራ ስለማይታወቅ ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ የድንኳኑን ምሰሶ ይመለከት ነበር። እኔም ሦስት ቀን ምሰሶ አየሁ። ቋጠሮ ያለበትን ቦታ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አሁን ይመለሳል እንዲባል፣ ደብተሬን ወንበሬ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ነበር ያልኩት። እግሬ ግን ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው የግርማ ቪዲዮ ቤት ወሰደኝ።

ግርማም የእድራችን አባል ነው። ከእናቱ ጋር የሚኖርባት ክፍልና ቪዲዮ ቤቱ አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። የውጭ ፊልም ሲያሳይ ማይክራፎን ይዞ ራሱ ይተረጉማል፤ በአማርኛ የጀመረውን በኦሮምኛ ይጨርሰዋል፣ ከዚያም ተዋናዮቹ ያላሉትን የራሱን አስተያየት ይጨምርበታል። ሌላ ጊዜ ድምፁ ጣሪያው ላይ በተሰቀለው ስፒከር ሰፈሩን ያናውጠዋል። ያን ሰሞን ግን ለቅሶውን አክብሮ በሩን ገርበብ አድርጓል፣ የውጩን ስፒከር ነቅሏል፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ለድንኳኑ አውሷል። መንገድ ተዘግቶባቸው ካርቶን አንጥፈው መሬት ላይ ለተቀመጡ አራት መንገደኞች በሹክሹክታ ይተረጉም ነበር። እኔን ስላከበረኝ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። ማይኩ ያለ ሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ አፉን ወደ እኔ አዙሮ ተጋድሟል።

ፊልሙ የየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በረዶ ያለበት አገር ነው፤ ሰዎቹ ሲቆጡም ቀስ ብለው ነው። አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ሞተ። ልጆቹ የቀብር ፈቃድ ሊያወጡ ሲሄዱ ቤታቸው በሁለት ከተሞች ወሰን ላይ ሆኖ ተገኘ። በቅርቡ ካርታው ሲስተካከል መስመሩ በመኝታ ቤቱ፣ በመኝታ ቤቱም ውስጥ በአልጋው ላይ አልፏል። አንዱ ከንቲባ የእኛ ሬሳ አይደለም ይላል፣ ሌላውም የእኛ አይደለም ይላል። በመጨረሻ ሁለቱም ማኅተማቸውንና ገመዳቸውን ይዘው መጡና ሽማግሌውን እንደተኛ ከራሱ እስከ እግሩ ለኩት። መስመሩ እምብርቱ ላይ አረፈ። ያኔ አንደኛው ከንቲባ መነጽሩን አውልቆ፣ በጣም በትህትና፣ ልጆቹን "አባታችሁ የሞቱት ከወገብ በላይ ታመው ነው ወይስ ከወገብ በታች?" ብሎ ጠየቃቸው።

አልቻልኩም። ሦስት ቀን ምሰሶ ሳይ ቆይቼ፣ ሃያ ዓመት ስኬል ሳስተምር ኖሬ፣ ካርታ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አንድ ሰው በአንድ ጥያቄ አስረዳኝ። ሦስት ጊዜ ሳልኩ። ዝም አልኩ። ግርማ ነገሩ ገብቶት እጁን ወደ አፌ ሲዘረጋ ሞተሩ ተነሳ። ከዚያም ከውጭ፣ ከጣሪያው በላይ፣ የራሴን ሳቅ ሰማሁት።

ግርማ ከውጩ ስፒከር የነቀለው የፊልሙን ገመድ ብቻ ነበር፤ የማይኩን ረስቶታል። ማይኩ ሹክሹክታውን አልያዘውም፤ የእኔን ሳቅ የማይዝ ማይክ ግን ገና አልተሠራም። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ፊልም አልሰማም፣ ትርጉም አልሰማም። አንድ ሳቅ ብቻ ነው የሰማው፤ እሱንም ስፒከሩ አጎርንኖት የእኔ መሆኑን የለየ አልነበረም።

በጓሮ ወጥቼ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ፣ ሱሪዬን ለሽቦው ገብሬ፣ ከሽንት ቤት እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያልኩ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ኦቦ ፈይሳ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ ወደ ቪዲዮ ቤቱ በኩል ዞረው ቆመዋል። ሰዎች በግራና በቀኝ ይዘው አስቀመጧቸው። ተቆጥተዋል ብዬ አሰብኩ። ደብተሬን አንስቼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩና አጠገቤ ያለውን ሰው "ምን ተፈጠረ?" አልኩት። ይሄን ጥያቄ ከሁሉም ቀድሜ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኩሪያ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዳኞች ፋይል ሲያቀብሉ ኖረው አንድም ቀን ሳይፈርዱ ስለወጡ ፍርድ ያምራቸዋል። በማግስቱ ኮሚቴውን ሰብስበው ግርማን አስጠሩት።

"ማነው የሳቀው?"

ግርማ እኔን አየኝ። እኔ እስክሪብቶዬን አየሁ።

"ፊልሙ ነው ጋሽ መኩሪያ" አለ።

"ፊልም ይስቃል?"

"ውስጡ ያለ ሰውዬ ነው የሳቀው። ስፒከሩን በደንብ አልነቀልኩትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ጋሽ መኩሪያ ጣሪያ እያዩ አሰቡ። ለቅሶ ላይ የሳቀ አባል ከእድር ይሰረዛል፤ ደንቡ ግልጽ ነው፣ በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የሳቀውን የደበቀም እንደዚያው። ሳቁ የፊልም ከሆነ ግን በግዴለሽነት ተግሣጽ ነው። "እንግዲያው ፊልሙ ይታያል" አሉ። "እሑድ ስምንት ሰዓት ኮሚቴው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቶ ሳቁ መኖሩን ያጣራል። ከሌለ ግርማ አጥፊ ደብቋል ማለት ነው፣ ይሰረዛል። ጸሐፊ፣ ጻፍ።" ጻፍኩ።

ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ቅዳሜ ከሰዓት ግርማ ቤት ሄድኩ።

"ለምን እንደዚያ አልክ?" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ምን ልበል ቲቸር? ሰሞኑን ስም አምጣ ያልተባለ ሰው የለም። እኔ ስም መስጠት አልወድም።" የማይኩን ገመድ እየጠቀለለ "ደግሞ እርስዎ ራስዎ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

ከመጋረጃው ኋላ እናቱን እትዬ የሺን አሳላቸው። ከተኙ ወራት ሆኗቸዋል፤ ዛሬ ነገ የሚባሉ ሰው ናቸው። "ማነው የመጣው?" አሉ።

"ቲቸር ናቸው እማዬ።"

"የእድሩ ጸሐፊ? ስሜ መዝገቡ ላይ አለ አይደል ልጄ?"

"አለ እትዬ የሺ።"

"እንዳታጠፋው አደራ። መሞቱን አልፈራም። ይሄ ልጅ ብቻውን እንዳይሸከመኝ ነው የምፈራው።"

እሑድ እናገራለሁ ብዬ ለግርማ ማልኩለት። ከልቤ ነበር። ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፦ የፊልሙን መጨረሻ አላየሁትም እኮ። ውስጡ የእኔን የሚመስል ሳቅ ሊኖር አይችልም እንዴ? በረዶ አገርም ጉንፋን አለ፣ የሚስል ሰው አይጠፋም። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ሳቁን ለአንዱ ከንቲባ ሰጥቼው፣ እትዬ የሺን በክብር ቀብሬ፣ እኔም በነፃ ተሰናብቼ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከጋሽ መኩሪያና ከእኔ ሌላ የእድሩን ድስትና ሰሃን የሚጠብቁት ወይዘሮ አልማዝና ድንኳን ተካዩ ማርቆስ ነበሩ። ማርቆስ ከወላይታ መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ የጸሎት ቤት ሰው ነው፤ ፊልም አላይም ብሎ አስቸግሮ ነበር። "ፊልም አይደለም፣ ማስረጃ ነው" ብለው ጋሽ መኩሪያ አሳመኑት። ባለ ሐዘኑ በሌሉበት አይታይም ተብሎ ኦቦ ፈይሳም ተጠርተዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና የፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ።

እድርተኛ ፊልም ሲያይ አይታችሁ እንደሆነ እንጃ። ሽማግሌው ከሞተ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ወይዘሮ አልማዝ "ድንኳኑስ?" አሉ።

"ድንኳን የላቸውም" አለ ግርማ።

"ጎረቤትም የላቸውም? ኧረ ልጅቷን እዩአት፣ ቀይ ለብሳለች። አባቷ ተጋድሞ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሾርባ ትጠጣለች።"

"ጻፍ" አሉ ጋሽ መኩሪያ። ቀይ ልብስና ሾርባ ብዬ ጻፍኩ። ወንድሟ ዘግይቶ መጣ፤ ሰዓቱን አስመዘገቡ። አጎታቸው ጭራሽ አልመጣም፤ በደንባችን መሠረት ቢሆን ምን እንደሚደርስበት ለግርማ ዘርዝረው ነገሩት፣ ለአጎትየው የሚያደርስለት ይመስል። ማርቆስ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ፣ ልጆቹ ባዶውን የሬሳ ሳጥን መኪና ላይ ሲጭኑ ግን አላስቻለውም። "እንደዚህ አይታሰርም" አለ። "ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታል።" ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተተ። ማርቆስ ደስ አለው፤ ወዲያው ደስ በማለቱ ደነገጠና ወደ ጣሪያው ተመለሰ። "እድር የሌለው አገር" አሉ ወይዘሮ አልማዝ በሐዘን፤ "በረዶውስ ይነሰው?"

ሳቅ በተሰማ ቁጥር ፊልሙ ይቆማል። "ይሄ ነው?" ይላሉ ጋሽ መኩሪያ። አንዲት ጸሐፊ ሳቀች። የሴት ነው፣ አይደለም ተባለ። አንድ ሹፌር ሳቀ። አጭር ነው፣ አይደለም ተባለ። "ያኛው እንደ ባጃጅ ነበር" አሉ ወይዘሮ አልማዝ፣ "መጀመሪያ ሳል ሳል ብሎ።" ጉሮሮዬን መጥረግ እንደዚያ ቀን አምሮኝ አያውቅም። በየቀኑ የሚጠፋውን የሰበታን መብራት አሁን ጥፋ ብዬ በልቤ ለመንኩት። ያን ቀን አልጠፋም።

ግማሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

"ስብሰባ ክልክል መሆኑን አታውቁም?"

"እድር ነን" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"ምንድን ነው የምታዩት?"

"ቀብር።"

ሚሊሻው ቴሌቪዥኑን አየ። ሁለቱ ከንቲባዎች ካርታ ዘርግተው መስመሩ የት እንደሚያልፍ ይጨቃጨቃሉ። ፊቱ ተለዋወጠ። "ይሄ ስለ ማስተር ፕላኑ ነው እንዴ?" አለ።

"የውጭ አገር ነው" አለ ግርማ። "በረዶ አለው።"

ሚሊሻው ጠጋ ብሎ በረዶውን አረጋገጠ። ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። "ቀጥሉ" አለ።

ገመዱ መጣ። ሽማግሌውን ከራሱ እስከ እግሩ ለኩት፣ መስመሩ እምብርቱ ላይ አረፈ፣ ከንቲባው መነጽሩን አወለቀ። ግርማ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል ጥያቄውን ተረጎመ። ማንም አልሳቀም። ኦቦ ፈይሳ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

"ዱጋ ዳ" አሉ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ ለማናችንም ሳይሆን ለቴሌቪዥኑ ተናገሩ። "የእኔ ልጅ አስፋልቱ መሀል ነው የወደቀው። ነጩ መስመር ላይ። ሬሳውን ከሆስፒታል ለመውሰድ ከወደቀበት ቀበሌ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ቀበሌ፣ ጭንቅላቱ ወደዚያ ነበር አለኝ። ወዲያ ያለው ደግሞ፣ እግሩ ወደ እነሱ ነበር አለኝ። ሁለት ቀን ተመላለስኩ።" በእጃቸው ወደ ከንቲባዎቹ ጠቆሙ። "እነዚህስ ደግ ናቸው። ገመድ ይዘው መጡ። የእኛዎቹ ከወንበራቸው አልተነሱም።"

ሚሊሻው ጫማውን ማየት ጀመረ። አስከሬኑ የዘገየው ለዚህ ነበር፤ እኔ የሳቅኩትም በዚሁ ነበር። እኔ ያልጠየቅኩትን ነገር በረዶ አገር ያለ ሰው ጠይቆ ፊልም ሠርቶበታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ፊልሙ አለቀ። ከንቲባዎቹ ሲጨቃጨቁ ልጆቹ አባታቸውን መስመሩ ላይ፣ በመስመሩ ርዝመት አጋድመው ቀበሩት። በዚያ ሁሉ ውስጥ የእኔን የሚመስል ሳቅ የሳቀ አልነበረም።

"ቀበሩት አይደል?" አለ ሚሊሻው።

"ቀበሩት" አለ ግርማ።

"ጥሩ" ብሎ ተነሳ፤ ኦቦ ፈይሳን ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ።

ጋሽ መኩሪያ ቆሙ። "ሳቁ ፊልሙ ውስጥ አልተገኘም። ግርማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። ማነው የሳቀው?"

ግርማ የጠቆረውን ቴሌቪዥን አየ። እኔን አላየኝም፤ ይሄ ነው የባሰብኝ። ከግድግዳው ኋላ እትዬ የሺን ሲያስላቸው ተሰማ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"በር ላይ ተቀምጠህ አልነበር እንዴ?" አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

"ደብተሬ ነው ተቀምጦ የነበረው።"

ጋሽ መኩሪያ በእኔው እጅ የተጻፈውን ደንብ ከኪሳቸው አወጡ። አንቀጹን እየፈለጉ ሳሉ ኦቦ ፈይሳ እጃቸውን አነሱ።

"ባርሲሳ" አሉኝ፤ አስተማሪ ማለት ነው። "አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ ኦቦ ፈይሳ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ቶሌራ ቤት ውስጥ አንድ ሳቅ ነበረው" አሉ። "የአስተማሪዬ ሳቅ ነው እያለ ለእናቱ ያስመስልላት ነበር። ሦስት ጊዜ ይስልና ዝም ይላል። እየቆየ የራሱ ሆኖ ቀረ፤ ሌላ ሳቅ አልነበረውም። እዚህ ቤት ፊልም ሲያይ እኔ ግቢ ድረስ ይሰማኝ ነበር።" ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። "ያን ቀን ድንኳን ውስጥ ሰማሁት። ና ግባ፣ ሰው መጥቷል ልለው ተነሳሁ።"

ጋሽ መኩሪያ ቁጭ አሉ። ኦቦ ፈይሳ ወደ ግርማ ዞሩ። "ገመዱ ጋ መልሰው" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ። "እስቲ እንደዚያ ቀን ሳቅልኝ።"

ግርማ መለሰው። ከንቲባው መነጽሩን አውልቆ በትህትና ጠየቀ። ሦስት ጊዜ ሳልኩ። ዝም አልኩ። ሁሉም ጠበቀ፣ ማርቆስ እንኳ ጣሪያውን ትቶ እኔን ያይ ነበር። ሞተሩ አልተነሳም። ግርማ እንደገና መለሰው። እንደገና ሳልኩ። በሦስተኛው የወጣኝ ነገር ሳቅ አልነበረም፤ ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

"ይበቃል" አሉ ኦቦ ፈይሳ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው። "ሳሉ ግን እሱን ይመስላል።"

ተነስተው ሄዱ። ጋሽ መኩሪያ ደንቡን አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱና "ጻፍ" አሉኝ። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ አንድ መስመር ብቻ ነው። "ፊልሙ ታየ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ" ይላል። ስለ ሳቁ አንድም ቃል የለበትም። እትዬ የሺ ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፉ፤ ግርማ ብቻውን አልተሸከማቸውም። ሳጥኑን ያሰረው ማርቆስ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ጠመኔ አንስቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና የሰበታን ካርታ ከእነ መስመሩ ማስፈር ጀመርኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሳለ፤ ዝም አለ። ፊቴን አልመለስኩም። ሞተሩ እስኪነሳ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅኩ።